የሐሰት ሥዕል የሚያመጣው ጉዳት

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ጥፋት ልናገር። ባለፈው ዓመት በአንድ የቪዲዮ ጌም ውስጥ የሌለ ተዋጊ በኮምፒዩተር ሠርቼ «ይኸው አገኘሁት!» ስል ለጓደኞቼ አሳየሁ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከእውነተኛው ምስል አንዱን ተዋጊ ቆርጦ፣ ልብሱን ሌላ ቀለም ቀብቶ፣ በሌላ ሥፍራ መለጠፍ፤ ከዚያም ስፌቱ እንዳይታወቅ ምስሉን ማደብዘዝ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። «ስትሪት ፋይተር 2» በተባለው ጌም የአንድ ቡጢ ስም በእንግሊዝኛው ትርጕም «ሼንግ ሎንግ» የሚባል ሰው መስሎ ተጻፈ። በሚያዝያ 1992 እ.ኤ.አ. «ኤሌክትሮኒክ ጌሚንግ መንዝሊ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ለኤፕሪል ፉል ቀልድ ይህንኑ ሰው በሐሰት ምስል አወጣው። እርሱን ለማየት አንድም ምት ሳያገኝህ እስከ መጨረሻው ባላጋራ መድረስ፣ ከዚያም ሳትማቱ 10 ዙር መቆየት ያስፈልጋል ተባለ። መጽሔቱ ቀልድ መሆኑን የገለጠው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ነው።

የተንኰሉ ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ ያልተሳካለት ሁሉ ወሬውን ሐሰት ከማለት ይልቅ የገዛ እጁን ይወቅሳል። የእኔም ታናሽ ጓደኛ ለደብተር የተሰጠውን ብር በጌም ቤት ጨርሶ «እኔ ነኝ ያልቻልኩት» ሲለኝ ሳቄ ጠፋ። ብሩን መለስኩለት፤ ከዚያ ወዲህ ግን የምነግረውን ሁሉ ከሌላ ሰው ሳይጠይቅ አይቀበለኝም።

ስለዚህ እኅቶቼና ወንድሞቼ ሆይ፣ ሥዕል የሚያሳየንን ሁሉ «እስቲ እፊቴ ተጫወተው» እንበለው። የሚሠራውም ሰው ቀልዱን በማን ገንዘብና ድካም እንደሚቀልድ አስቀድሞ ያስብ።