«ስልኬ ላይ አለ» ማለት የለም ማለት ነው

እህቶቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ከቁጣው ግማሹ በራሴ ላይ ነው።

በሳምጣ፣ በአቡ አሪሽ፣ በሳብያ ያላችሁ ስትደውሉልኝ አንድ መልስ ደጋግሜ እሰማለሁ። «የፓስፖርትሽ ኮፒ የታለ?» ስል፣ «ስልኬ ላይ አለ።» «ኮንትራትሽስ?» «ስልኬ ላይ።» «ያልተከፈለሽን ወር የጻፍሽበትስ?» «እሱም ስልኬ ላይ።» እሺ፣ ስልኩ ነገ ባይኖርስ? ሲባል ዝም ነው።

ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። የደመወዝ ሒሳቤን፣ የሐዋላ ደረሰኜን፣ ማዳም «የሚቀጥለው ወር እሰጥሻለሁ» ያለችበትን ድምፅ በአንድ ስልክ ይዤ ነበር። ሳጸዳ ባልዲ ውስጥ ወደቀ። ጠጋኙ አብርቶ ሲመልስልኝ ውስጡ ባዶ ነበር። የአምስት ወር ደመወዝ ስጠይቅ «ማስረጃሽስ?» ተባልኩ። የሁለቱን አገኘሁ፤ እሱም ለእህቴ ልኬው የነበረ ድምፅ ስለተረፈ ነው። ሦስቱ ቀረ። ገንዘቤን የበላችው ማዳም ናት፤ በሩን የከፈትኩላት ግን እኔ ነኝ።

አሁን ሰበቦቻችንን እንያቸው።

«ዋትስአፕ ላይ ስላለ አይጠፋም» ትላላችሁ። ይጠፋል። ባክአፕ ካልተከፈተ ስልኩ ሲሞት መልእክቱም አብሮ ይሞታል። ተከፍቶም ቢሆን ለመመለስ ያው ቁጥርና ያው ጂሜይል ያስፈልጋል። ሲማችሁ በማን ስም ነው የወጣው? እዚህ አገር ሲም በጣት አሻራ ነው የሚመዘገበው፤ ብዙዎቻችን የያዝነው የካፊል ወይም የሌላ ሰው ነው። እሱ ያዘጋው ቀን የማረጋገጫ ኮዱ እናንተ ጋ አይደርስም።

«ጉግል ፎቶ ያስቀምጥልኛል።» ያስቀምጣል፤ ግን ስልኬ ሞላ ብላችሁ ከዚያው ላይ ብታጠፉት ከላይም ይጠፋል። በቅርጫቱ የሚቆየው 60 ቀን ነው። ነጻው ቦታ 15 ጊጋ ብቻ ስለሆነ፣ በሠርግ ቪዲዮ ከሞላ አዲስ ነገር አይቀበልም።

«ወረቀቴን ደላላው ይዞልኛል።» ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት ይሏል ይሄ ነው።

«ማዳም ብታየው ትቆጣለች።» ይህ እውነተኛ ፍርሃት ነው፣ አልንቀውም። ቤቷንና ልጆቿን ፎቶ አታንሡ፤ መዘዝ አለው። የራሳችሁን ወረቀት ብቻ አንሡ። ቅጂው ሌላ ቦታ ካለ ደግሞ ስልክ ላይ መደበቅም አያስፈልጋችሁም።

ለምን ይሄን ያህል እጮሃለሁ? በ2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2013) ምሕረቱ ሲያበቃ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመልሰዋል። ብዙዎች ሻንጣቸውን እንኳ አልሰበሰቡም። እንዲህ ያለ ቀን ስልክ ከሰው ጋር ላይሄድ ይችላል። ደግሞ የቤት ሠራተኞች ደንብ አራት ዓመት በተከታታይ ለሠራች የአንድ ወር ደመወዝ የአገልግሎት ክፍያ ይፈቅዳል። አራት ዓመት መሥራትሽን በምን ታሳያለሽ? ፓስፖርቷ በካፊል እጅ ለቀረባት እህትም ኮፒው ካለ ጅዳ ቆንስላ ሄዳ ሊሴ ፓሴ ስትጠይቅ ማንነቷን ለማስረዳት ይረዳታል።

አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ? እንግዲያው ሦስት ይኑራችሁ።

አንደኛው ስልኩ ላይ ያለው ነው። ሁለተኛው ሜሞሪ ካርድ ወይም ፍላሽ ነው። ካርዱን ስታስገቡ ስልኩ «እንደ ውስጥ ሜሞሪ ላድርገው?» ቢል እምቢ በሉ፤ እሺ ካላችሁ ሌላ ስልክ አያነበውም። የጂዛን ሙቀትና እርጥበት እንዳይጎዳው በላስቲክ ጠቅልሉት። ሦስተኛው አገር ቤት ይሁን፤ ለምታምኑት ሰው በዋትስአፕ ስትልኩ በፎቶ ሳይሆን በ«ዶክመንት» ላኩ፣ ጽሑፉ አይደበዝዝም። ተቀባዩም አሳትሞ ሣጥን ውስጥ ያኑረው። ወረቀት ኮድ አይጠይቅም።

ጂሜይላችሁ ውስጥ ገብታችሁ 10ሩን የመጠባበቂያ ኮዶች አውጡ፤ አንዱን ስልክ በሌለ ቀን ትገቡበታላችሁ። ደብተር ላይ ጻፏቸው፤ ለማንም ግን አትስጡ።

መቼ? ደመወዝ በተቀበላችሁ ቀን። ያልተቀበላችሁም ቀን፤ ያን ቀን እንዲያውም ይብሳል። ከላካችሁ በኋላ «ከፍተሽ አነበብሽው?» ብላችሁ ጠይቁ። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም።

ለማኅበራችንም አንድ ቃል አለኝ። እህት ተባራ ባዶ እጇን ስትቀር እናዋጣለን፣ እናለቅሳለን። ደግ ነው። ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ በየስብሰባው አሥር ደቂቃ ለዚህ እንስጥ። የምታውቀው ለማታውቀው ታሳይ፣ ማንበብ የምትችለው ለማትችለው ታንብብላት።

ይህን ካነበባችሁ በኋላ «ነገ አደርገዋለሁ» የምትሉ አላችሁ። እኔም ባልዲው ከመምጣቱ በፊት ባለው ቀን እንደዚያው ብዬ ነበር።