የሰባት ወር ልጅ

በአገራችን ሰው ሲቸኩል «የሰባት ወር ልጅ ነህ እንዴ?» ይባላል። አንባቢዎቼ ሆይ፥ እኔም ይህን ቃል በክፍል ውስጥ ተናግሬዋለሁ፤ ዛሬም ይህን ስጽፍላችሁ እያፈርሁ ነው።

እዚህ ጋይንት ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ ሰሌዳውን ትቶ ከጓደኛው ደብተር ይገለብጥ ነበር። ሰነፍ መሰለኝና ቀለድሁበት። በማግሥቱ እናቱ መጡና፥ «መምህር፥ እርሱ እኮ እውነትም በሰባት ወሩ የተወለደ ነው፤ ብርዱ እንዳይገድልብኝ በጉያዬ ይዤ ነው ያተረፍሁት» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ሐኪሞች ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደውን ሕፃን ሁሉ ያለ ወሩ የተወለደ ይሉታል። በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ከተወለዱት 10 ሕፃናት 1 ያህሉ እንዲህ ነበር፤ ቁጥራቸውም ከ13 ሚሊዮን ይበልጣል። ብዙዎቹ ጤነኞች ሆነው ያድጋሉ። ነገር ግን በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሳንባ፥ አንጎል፥ ዓይንና ኩላሊት ገና በመሠራት ላይ ናቸው። ስለዚህ አንዳንዱን ልጅ ጉንፋን ቶሎ ያፍነዋል፤ አንዳንዱ ሩቁን አያይም፤ ሌላው አጥርቶ አይሰማም ወይም ትምህርት ይከብደዋል። ደም የሚያጣሩት የኩላሊት ክፍሎችም በቁጥር ሊያንሱበት ስለሚችሉ፥ ጎልማሳ ሲሆን የደም ግፊት ከሌላው ሰው ይልቅ ያሠጋዋል።

የእኒያ እናት ጉያም ተራ ነገር አይደለም። በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ያለ ወሩ የተወለደውን ሕፃን ገላው ከእናቱ ገላ ጋር እንዲነካካ አድርጎ በደረት ማቀፍን እንደ ሕክምና ጀመሩት። በአዲስ አበባም ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ይህንኑ መርምረው፥ ሞትን እንደሚቀንስ በ2005 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል።

እንግዲህ በነፋስ መውጫም፥ በስማዳም፥ በእስቴም ያላችሁ ወላጆች፥ ልጃችሁ ያለ ወሩ ተወልዶ እንደሆነ አትሸሽጉ። ለሐኪሙም ለመምህሩም ንገሩ። ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ፤ ክትባቱን አታስቀሩ። ሲያድግም ከትንባሆ ይራቅ፤ የደም ግፊቱንም በየጊዜው ያስለካ። እኛ መምህራንም ከመቅጣታችን በፊት እንጠይቅ።

ያ ልጅ ደብረ ታቦር ሄዶ ዓይኑን ተመረመረ፤ ዛሬ መነጽር አድርጎ ከፊት ወንበር ተቀምጧል። ከጓደኛውም መገልበጡን ትቷል። ለካ የቸኮልሁት እኔ ነበርሁ።