ናሙናው ከጅዳ፣ ንባቡ ከሮተርዳም

እ.ኤ.አ. በጁን 2012 በጅዳ አንድ ሆስፒታል የተኙ የ60 ዓመት ታማሚ በሳንባ ምችና በኩላሊት መድከም ሕይወታቸው አለፈ። ግብፃዊው የቫይረስ ተመራማሪ ዶክተር ዓሊ ሙሐመድ ዘኪ ከአክታቸው የወሰዱት ናሙና ባሕር ተሻግሮ ሆላንድ ገባ። ዛሬ ሜርስ እየተባለ የሚጠራው ቫይረስ ማንነቱ የተለየው በሮተርዳም ነው። በዓመቱ ቫይረሱ ወደ ሰው ሕዋስ ለመግባት በር አድርጎ የሚጠቀምበት ፕሮቲን የተገለጠውም በዚያው አገር ቤተ ሙከራዎች ነበር። ብዙም ሳይቆይ የዚሁ ቫይረስ ፀረ አካል በኢትዮጵያ ግመሎች ደም ውስጥ ተገኘ። በሽታው ከቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ ያለውን ሕዝብ በአንድነት የሚመለከት ሆኖ ሳለ፣ ምስጢሩ የተነበበው ከሁለቱም ዳርቻ ርቆ ነው።

ይህን ያስታወሰው የሥነ ሕይወትን ግዙፍ ሞለኪውሎች በኑክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ስፔክትሮስኮፒ የሚያጠኑ ሊቃውንት ጉዳይ ነው። ዓለም አቀፍ ጉባኤያቸው በ2016 በኪዮቶ፣ በ2018 በደብሊን፣ በ2024 በሴኡል ተካሂዷል። የከተሞቹን ስም የሚያይ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል፤ ጉባኤው የሚሄደው ማግኔቱ ወዳለበት ነው።

ስሙ ከባድ ቢመስልም በጉለይል የኖረ፣ ወይም ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሌላ የጅዳ ሰፈር የገባ ኢትዮጵያዊ ነገሩን በሌላ ስሙ ያውቀዋል። ሐኪም ለራስ ወይም ለወገብ ሕመም የሚያዝዘው ኤም አር አይ የዚሁ ጥበብ ልጅ ነው። «ኑክሌር» የሚለው ቃል ከሆስፒታሉ መሣሪያ ስም የወጣው ሕዝብ እንዳይፈራ ተብሎ እንጂ ጎጂ ጨረር ኖሮበት አይደለም። ሁለቱም የሚሠሩት በብርቱ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው። ማግኔቱ ውስጥ የገባ የሃይድሮጅን አቶም እምብርት እንደ ጥቃቅን ኮምፓስ መርፌ ይሰለፋል፤ ሞገዱ ሲነካው ድምፅ እንደ መስጠት ይመልሳል። ድምፁም አጠገቡ ማን እንዳለ ይናገራል። የስዊዘርላንዱ ሊቅ ኩርት ቩትሪሽ በሺህ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ድምፆችን ለይተው በመስማት የፕሮቲንን ቅርጽ በፈሳሽ ውስጥ እንዳለ መሳል እንደሚቻል አሳዩ፤ በ2002 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ የሆኑትም በዚህ ነው።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ተራው ካርበንና ናይትሮጅን ለዚህ ንባብ ስለማይመች ተመራማሪዎች ባክቴሪያን ከባድ ካርበንና ከባድ ናይትሮጅን ያለበት ምግብ እየመገቡ ያሳድጋሉ፤ ከባክቴሪያውም ምልክት ያለበት ፕሮቲን ያወጣሉ። በኮምፒውተር ቅርጽ መተንበይ በ2024 ለኖቤል ከበቃ ወዲህ ይህ ሁሉ ድካም ቀርቷል የሚሉ አሉ። አልቀረም። ትንበያው በአብዛኛው የቆመ ሥዕል ይሰጣል፤ ፕሮቲን ግን ይታጠፋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ መድኃኒት ሲነካው ቦታ ይለውጣል። ይህን እንቅስቃሴ በውሃ ውስጥ የሚከታተለው ማግኔቱ ነው።

ደስ የሚያሰኘው፣ እንዲህ ያለው ማግኔት ዛሬ ከጅዳ በስተ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በቱወል ይገኛል። በ2009 የተከፈተው የንጉሥ ዐብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ 950 ሜጋኸርዝ የሚደርስ መሣሪያ አለው። ጉልበቱ 22 ቴስላ ያልፋል፤ የሆስፒታሉ ኤም አር አይ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ቴስላ አይበልጥም። የጅዳ ናሙና ለመነበብ የግድ ወደ ሮተርዳም መሄድ የነበረበት ዘመን እንዲያበቃ አንዱ ቅድመ ሁኔታ ተሟልቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ ሰው ነው። እዚህ ላይ ኢትዮጵያውያን የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያም የብልሃርዝያን አስተላላፊ በአገር ተክል መግደል እንደሚቻል አስረዱ። ገዳዩ ንጥረ ነገር በስማቸው «ለማቶክሲን» ቢባልም የኬሚካል አወቃቀሩ የተፈታው በካሊፎርኒያ ነው። ሌላው እንዶድን አነበበው፤ አብሮት ያደገው ግን መሣሪያ አልነበረውም። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 400 ሜጋኸርዝ መሣሪያ አለው። የዕፀዋትን ትናንሽ ሞለኪውሎች ለመፍታት ብዙ አገልግሏል፤ ለግዙፍ ፕሮቲን ግን አቅሙ አይበቃም። ማግኔቱን ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ላይ የሚያቆየው ፈሳሽ ሂሊየምም በውጭ ምንዛሬ የሚገዛ ነው። ሂሊየምን በብዛት ከሚያመርቱ አገሮች አንዷ ኳታር ከዚህ የቅርብ ጎረቤት መሆኗ ለኢትዮጵያ የሚያስቆጭም፣ የሚያስታውስም ነገር ነው።

ጽሑፍ አንብቦ መማር አይቻልም ወይ የሚል ይኖራል። የወሎ ደረሳ ኪታቡ በእጁ እያለ የቀናት መንገድ በእግሩ ተጉዞ ሼኹ ፊት የሚቀመጠው፣ በመካ ሐረም ሐለቃ ውስጥም ተማሪ ጉልበቱን አጥፎ የሚያዳምጠው ምክንያት አለው። ኪታቡ ያልጻፈው እርማት፣ ጥያቄና ማመንታት የሚገኘው ከተቀመጡበት ነው። የሳይንስ ጉባኤም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ያልተሳካው ሙከራ የሚነገረው በመጽሔት ሳይሆን በዕረፍት ሰዓት ነው።

ስለዚህ በዚህ ባሕረ ሰላጤ እንዲህ ያለ ጉባኤ የሚያሰናዳ ወገን ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከባሕር ዳር ለሚመጡ ወጣት ተመራማሪዎች የተወሰነ ወንበርና የጉዞ ወጪ አስቀድሞ ሊይዝ ይገባል። ኤምባሲውና ቆንስላውም ጥሪው ሲወጣ ለዩኒቨርሲቲዎቹ በጊዜ እንዲደርስ ማድረግ ይችላሉ፤ ብዙ ዕድል የሚያመልጠው በወሬ መዘግየት ነው።

የጅዳ ወላጆችም አንድ ነገር ይወቁ። በቱወል ለማስተርስና ለዶክትሬት ተቀባይነት ያገኘ ተማሪ፣ ዜግነቱ ምንም ይሁን፣ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖለት የወር ድጎማና መኖሪያ ሊያገኝ ይችላል። የሹፌርም ሆነ የቤት ሠራተኛ ልጅ የመጀመሪያ ዲግሪውን በጥሩ ውጤት ከጨረሰ በሩ አይዘጋበትም። በጅዳ የሚገኘው የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪና የባዮሎጂ መምህራን የመሰናዶ ተማሪዎቻቸውን ለጉብኝት ወደዚያ ለመውሰድ ዩኒቨርሲቲውን ቢጠይቁ መልካም ነው፤ መንገዱ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።