መካኒኩን አንርሳ

በ1933 ዓ.ም. ጥቅምት 27 ቀን በብርጋዴር ስሊም የሚመራው የሕንድና የእንግሊዝ ጦር 12 ታንኮች አስከትሎ፥ ከገዳሪፍ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ድንበሩ ላይ ያለችውን ገላባትን ከኢጣሊያኖች እጅ አስለቀቀ። ነገር ግን ድንጋይና ፈንጂ የብዙዎቹን ታንኮች ሰንሰለት በጥሶ አቆማቸው። መለዋወጫ የጫነው ካሚዮንም በአውሮፕላን ቦምብ ተመትቶ ጠፋ። ሰማዩ በጠላት ስለ ተያዘና ታንኮቹን መጠገን ስላልተቻለ፥ ጦሩ መተማን ሳይዝ አፈገፈገ፤ ኢጣሊያኖች ከመተማ የወጡት በጥር ወር ነው።

በዚያው የዓለም ጦርነት ሠራዊቶች የጥገናውን ሰው እንደ ተዋጊው በብረት ጋሻ ሸፍነው፥ ማንሻና መጎተቻ ባለው ተሽከርካሪ ወደ ጦር ሜዳ ማድረስን ተማሩ። እኛም ታንከኛውን ስናመሰግን፥ እጁ በዘይት የጠቆረውን መካኒክ ልንረሳ አይገባንም። ልጁ ይህን ሙያ በመምረጡ የሚያፍር ወላጅ ቢኖር፥ የገላባትን ድንጋይ ያስብ።