ለእንጦጦ ዳገት ቀላል ፍላይዊል አትላኩ

የምኖረው አቡዳቢ፣ ሸኽቦት ሲቲ ነው፤ የምሠራው ደግሞ ሙሰፋህ ኢንዱስትሪ አካባቢ፣ ጋራዥ ውስጥ በመካኒክነት። ድሮ ከአገር ቤት የሚደውልልኝ ሰው የመኪና ዋጋ ነበር የሚጠይቀኝ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ጥያቄው ወደ መለዋወጫ ዞሯል። በእጅ ያለው መኪና መሰንበት ስላለበት ይህ ተገቢ ነው። የሚያሳስበኝ ወጣቶቹ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ነገር ነው፤ “ቀላል ፍላይዊል ላክልን፣ መኪናው ይፈጥናል” ይሉኛል። እኔ አልልክም። ሌላውም እንዳይልክ እለምናለሁ።

ፍላይዊል ከሞተሩ ጀርባ፣ ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ የሚታሰር ከባድ ክብ ብረት ነው። ሞተሪኖው የሚነክሰው ጥርስ ዙሪያውን አለ፤ የፍሪሲዮን ሸራው የሚይዘው ደግሞ ፊቱን ነው። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር የሚገፋው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በሁለቱ ግፊቶች መሀል ሞተሩን የሚያሻግረው ይህ ብረት ይዞት የሚዞረው ጉልበት ነው። ብረቱ ሲቀል ሞተሩ ነዳጅ ሲረገጥ ቶሎ ይነሣል፣ እግር ሲነሣም ቶሎ ይወርዳል። ነጂው ጉልበት የተጨመረ ይመስለዋል፤ የፈረስ ጉልበቱ ግን ያው ነው።

ስሌቱን ላሳይ። ከመሀሉ 10 ሳንቲሜትር ርቆ ካለ ቦታ 3 ኪሎ ብረት ተቀነሰ እንበል። የጎማው ራዲየስ 30 ሳንቲሜትር ቢሆንና በአንደኛ ማርሽ ጎማው አንዴ ሲዞር ሞተሩ 14 ጊዜ ቢዞር፣ ጥቅሙ ከመኪናው ላይ 65 ኪሎ የማውረድ ያህል ነው። አንድ ተሳፋሪ ወረደ ማለት ነው። በአምስተኛ ማርሽ ሞተሩ ለአንድ የጎማ ዙር ሦስቴ ገደማ ብቻ ስለሚዞር፣ ያ 65 ኪሎ ወደ 3 ኪሎ ይወርዳል። ከአቡዳቢ ወደ አል አይን በሚወስደው ቀጥ ያለ አውራ ጎዳና በአንድ ፍጥነት ለሚነዳ ሰው ደግሞ ምንም ለውጥ የለውም።

ቀላሉ ቦታ የለውም አልልም። በ2009 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የያስ ማሪና የውድድር ሜዳ ላይ ማርሽ በፍጥነት ለሚቀያይር ነጂ ይገባዋል። 300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የሊዋው ተል ሙረይብ የአሸዋ ክምር ላይ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦ ሽቅብ ለሚወነጨፍ ተወዳዳሪም እንዲሁ። እነዚህ ሰዎች ሚኒሞ ላይ ቆመው መንገደኛ አይጠብቁም።

ለሥራ መመላለሻ የሚሆነው መኪና ግን ሌላ ነው። ነሐሴ ላይ፣ ኤሲው በሙሉ ኃይሉ እየሠራ መብራት ላይ ሲቆም፣ ፍላይዊሉ የቀለለ ሞተር ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም ይጠፋል። ማርሹን አውጥታችሁ ፍሪሲዮኑን ስትለቁ ካምቢዮው ውስጥ ድንጋይ የተቀመጠ ይመስል ይንኳኳል፤ ስትረግጡት ድምፁ ይጠፋል። ደንበኛው “ካምቢዮዬ ተበላሸ” ብሎ ይመጣል። ከፍተን ስናየው ካምቢዮው ደህና ነው፤ የሚያንኳኳው ድሮ ከባዱ ብረት ይውጠው የነበረው የሞተሩ ምት ነው።

ይህ እንግዲህ እዚህ አቡዳቢ፣ ከባሕር ጠርዝ ላይ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣን ሚኒባስ አስቡት። ሞልቶ ዳገቱ መሀል ይቆማል፣ አንድ ሰው ያወርዳል፣ እንደገና ይነሣል። ከባዱ ፍላይዊል ያጠራቀመውን ጉልበት በዚያች ቅጽበት ይሰጠዋል። ቀላሉ ግን የሚሰጠው ስለሌለው ሾፌሩ ሞተሩን እያስጮኸ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ ይነሣል፤ ያኔ ሸራው ይቃጠላል፣ ሽታው እስከ ኋላ ወንበር ይደርሳል። ያ ሸራ ዛሬ በስንት ብር እንደሚገዛ ሾፌሮቹ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ፋብሪካ የሠራውን ፍላይዊል ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ ነው። አብዛኛው ፍላይዊል የሚሠራው ከፈሰሰ ብረት ነው፤ የፈሰሰ ብረት መጨመቅን የሚችለውን ያህል መሳብን አይችልም። 28 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ፍላይዊል በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰዓት ከ310 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል። በሙቀት የተሰነጠቀና በመላጥ የሳሳ ብረት በዚያ ፍጥነት ቢፈነዳ ካምቢዮውን ሰብሮ የሚመጣው ወደ ነጂው እግር ነው። በድራግ ውድድር ፈጣን መኪኖች እዚያ ቦታ ላይ የብረት ጋሻ እንዲያስሩ የሚገደዱት ለዚህ ነው። የእኛ ሚኒባስ ጋሻ የለውም፤ ከሾፌሩ ጎን ደግሞ ሰው ተቀምጧል። ለውድድር የሚፈልግ ሰው ተቀጥቅጦ ከተሠራ ብረት የወጣ፣ ሚዛኑ የተስተካከለ ይግዛ እንጂ የነበረውን አያስልጥ።

ለሚኒባስ ነጂው የአክስቴ ልጅ በዚህ ወር የምልክለት የፍሪሲዮን ሸራና ኩሽኔታ ነው። ካምቢዮውን ሲያስፈታ የፍላይዊሉን ፊት ጠርጎ ፎቶ እንዲያነሣልኝ ነግሬዋለሁ። ሰማያዊ የተቃጠለ ነጠብጣብ ወይም ስንጥቅ ካየሁበት፣ ልክ ፋብሪካው ባወጣው ክብደት የተሠራውን ፈልጌ እልክለታለሁ።