ሕጉ ከደጅ፣ ጭሱ ከጓዳ

በኦክላንድ ወይም በሳን ሆዜ በአንዲት ጠባብ አፓርታማ ቡና ይቆላል። መስኮቱ ለብርዱ ተዘግቷል፤ ዕጣኑም ይጤሳል። ከጋዝ ምድጃው ነበልባል የሚወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ግን በዓይን አይታይም። ለዚህች ክፍል አየር በሕግ የተቀመጠ የብክለት ጣሪያ የለም።

የደጁ አየር ባለቤት አለው። የቤይ ኤሪያ የአየር ጥራት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1955 የተቋቋመ ሲሆን ዘጠኝ ካውንቲዎችን ይቆጣጠራል። ጥበቃው ሁሉን እኩል አዳርሷል ለማለት ግን ያዳግታል። ከ4.5 ቶን በላይ የሚመዝኑ የጭነት መኪኖች ኦክላንድን በሚያቋርጠው የ580 አውራ ጎዳና እንዳያልፉ ከተከለከሉ አሥርተ ዓመታት ተቆጥረዋል። በዚህም ሳቢያ የወደቡ ጭነት በ880 በኩል፣ በድሆች ሰፈር አጠገብ ይመላለሳል። የምዕራብ ኦክላንድ ነዋሪዎች በ2017 የወጣውን የካሊፎርኒያ ሕግ ተጠቅመው፣ በ2019 ከአስተዳደሩ ጋር የብክለት ቅነሳ ዕቅድ እስኪያጸድቁ ድረስ ብዙ ታግለዋል።

ይኸው አስተዳደር በማርች 2023 አንድ ደፋር ደንብ አጸደቀ። በደንቡ መሠረት ከ2027 ጀምሮ አነስተኛ የውኃ ማሞቂያዎች፣ ከ2029 ጀምሮ ደግሞ የቤት ማሞቂያዎች ናይትሮጅን ኦክሳይድ የማያመነጩ ካልሆኑ አዲስ አይሸጡም። ምድጃ ግን በደንቡ አልተካተተም። ነገሩ ግራ ያጋባል፤ የማሞቂያው ጭስ በቧንቧ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የምድጃው ግን የሚቀርበው ለምግብ አብሳይዋ አፍንጫ ነው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት የጋዝ ምድጃዎች ካንሰር አምጪውን ቤንዚን የተባለ ኬሚካል ወደ ቤት አየር እንደሚለቁ አሳይተዋል። (ይህ ለመኪና የምንቀዳው ነዳጅ ስም ጋር የተመሳሰለ ሌላ ነገር ነው።) አስተዳደሩ ምድጃውን ያለፈው ሥልጣኑ በደጅ አየር ላይ ስለሆነ ነው።

በእኔ እምነት ቀጣዩ ሕግ መጀመር ያለበት ከኪራይ ቤት ነው። ተከራይ ምድጃውን መለወጥ አይችልም። በብዙ አሮጌ አፓርታማዎች ከምድጃው በላይ ያለው ማራገቢያ ጭሱን በወንፊት አሳልፎ መልሶ ወደዚያው ክፍል ይነፋዋል። አከራዩ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቧንቧ እንዲዘረጋ ማስገደድ ከባድ ሸክም አይደለም። የእኛም ድርሻ አለ፦ ከሰል በተዘጋ ቤት አይቀጣጠልም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳይታይና ሳይሸት ይገድላል። ቡናው ሲቆላ መስኮት ይከፈት።

እርግጥ በሴፕቴምበር 2020 በሰደድ እሳት ጭስ ሰማዩ ብርቱካንማ በሆነበት ዕለት መስኮት መክፈትም አይመከርም ነበር። በእንደዚያ ያለ ቀን ተከራዩ የሚተነፍሰው አከራዩ የተወለትን አየር ነው።