ዱቤው ለሰፈር ሱቅ፣ ጥሬ ብሩ ለትልቁ መደብር?

በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ የዘንቢልና የኪስ ጉዳይ ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ውስጡ ግን ትልቅ አማና አለበት።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። እኔ ሮቤ ከተማ የማስተምር ደመወዝተኛ ነኝ። በሰፈራችን አንድ ሱቅ አለ፤ ባለቤቱ ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ ሐጂ ናቸው። ከሚዛኑ አጠገብ ጠርዙ የተበላ ደብተር ይቀመጣል። የሰፈሩ ሰው በየስሙ እዚያ ላይ ተጽፏል፤ የኔም ስም አለ። ወሩ ሃያን ሲያልፍ ስኳሩም፣ ዘይቱም፣ ሳሙናውም የሚመጣው በዚያ ደብተር ነው። ደመወዝ ሲወጣ እከፍላለሁ፤ ሐጂም በስሜ ላይ መስመር ያሰምራሉ። ወለድ የለ፣ ዋስ የለ፣ ፊርማ የለ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ዋናው መንገድ ዳር አንድ ሰፊ መደብር ተከፈተ። ገዥው ራሱ እያነሳ ቅርጫቱን የሚሞላበት፣ ዋጋው በየዕቃው ሥር የተለጠፈበት ነው። ደመወዝ በወጣ ማግሥት ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ሄድን። ልጆቹ ተደሰቱ፤ እኔም አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ፌስታላችንን ተሸክመን ስንመለስ በሐጂ ሱቅ በር አለፍን። ሐጂ እንደ ወትሮው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ «መምህር፣ ደህና ዋላችሁ? ልጆቹስ ደህና ናቸው?» አሉን። ስለ ፌስታሉ አንዲት ቃል አልተናገሩም።

ቤት እንደገባን የሰባት ዓመቷ ልጄ፣ «አባዬ፣ የሐጂን ብር ከፈልክ?» ብላ ጠየቀችኝ። አልከፈልኩም ነበር! ሐጂን በዱቤ አስቀምጬ፣ ጥሬ ገንዘቤን ለማያውቀኝ መደብር አስረክቤ ነበር የተመለስኩት።

እህቶችና ወንድሞች፣ ይህ የኔ ቤት ጉዳይ ብቻ ነው ትላላችሁ?

ትልልቅ የችርቻሮ መደብሮች ወደ ሀገራችን መምጣታቸው ወሬ ብቻ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ የችርቻሮ ንግድን ለሀገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ ከልሎት ነበር። በ2016 ዓ.ም. ግን የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ ባወጣው መመሪያ ቁጥር 1001/2016 የገቢ፣ የወጪ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በቅድመ ሁኔታ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፈተ። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ የፈረንሳዩ ካርፉር ከሚድሮክ ኢንቨስትመንት ግሩፕ ኩዊንስ ሱፐርማርኬት ጋር በኢትዮጵያ ለመሥራት መስማማቱ ተነገረ። የእነዚህ ስሞች መነሻ አዲስ አበባ ነው። ነገር ግን ከአዲስ አበባ የተነሳ ነገር ዋል አደር ብሎ ሻሸመኔን ማለፉ፣ ከዚያም በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ባሌ መውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ሳይመጣ በፊት ብንመካከርበት ይበጃል።

የሰፈር ሱቅ በሀገራችን የራሱ ታሪክ አለው። በቀድሞው ዘመን በብዙ ከተሞች ችርቻሮውን የያዙት ከየመን የመጡ ወንድሞች ነበሩ፤ አዲስ አበባ ላይ ሱቁ ራሱ «አረብ ቤት» እስከመባል ደርሶ ነበር። ከአብዮቱ ወዲህ ብዙዎቹ ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ ሱቁን የጉራጌና የስልጤ ልጆች፣ እንዲሁም የየአካባቢው ተወላጆች ተረከቡት። በደርግ ዘመን ደግሞ የቀበሌ ሱቅ መጣ፤ ስኳርና ሳሙና በራሽን ካርድ ሆነ። በዚያው ጊዜ በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው እህል በኮታና በተወሰነ ዋጋ ይወስድ ነበር። የባሌና የአርሲ ስንዴ አምራች ይህን እስከዛሬ አይረሳውም። በ1982 ዓ.ም. ኮታው ሲነሳ ገበሬው እፎይ አለ። አባቶቻችን ከዚህ የተማሩት አንድ ቁም ነገር አለ፦ ሻጭም ሆነ ገዥ አንድ ብቻ ሲሆን የሚጎዳው ምርጫ ያጣው ሰው ነው።

ይሁንና ፍርድ ሚዛናዊ መሆን አለበት። አዲሱ መደብር ያመጣው መልካም ነገር የለም ወይ? አለ! ዋጋው ተለጥፏል። ሐሙስ ለሮቤ ገበያ ወይም ረቡዕ ለጎባ ገበያ ከገጠር የወጣች እናት ከከተሜው እኩል ትከፍላለች፤ አለባበሷ ታይቶ ዋጋ አይጨመርባትም። ትንሽ ልጅ ቢላክ አይታለልም። የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈ ብስኩት ሲገኝ የሚጠየቅ ሰው አለ፤ ደረሰኝም ይሰጣል።

የሰፈራችን ነጋዴዎች ይህን ሲሰሙ ሊቆጡ አይገባም። ዘይትና ስኳር ሲጠፋ ከጓዳ ደብቆ ዋጋ የሚጠብቅ በመካከላችን አልነበረም? በርበሬውና ቅቤው ውስጥ ባዕድ ነገር የሚቀላቅል፣ ሚዛኑን በጣቱ የሚደግፍ አልታየም? ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢያስገቡ ሥሩን እርጥብ ሆኖ አገኙት። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ ሰዉ እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን አለመሆኑንም ነገሩት። በስንዴ ሀገር ለምንኖር ለእኛ ከዚህ የቀረበ ትምህርት ከየት ይመጣል? ገዥ የሸሸበት ሱቅ ሁሉ ትልቅ መደብር ስለመጣበት ብቻ አይደለም የሚሸሸው፤ አንዳንዱ ገዥውን ያባረረው ራሱ ነው።

አሁን ወደ ደብተሩ እንመለስ። የዱቤ አሠራር እንዴት እንደሆነ ብዙዎቻችን አስበነው አናውቅም። የሰፈር ሱቅ ባለቤት ዕቃውን ከጅምላ ሻጭ የሚያመጣው በጥሬ ገንዘብ ወይም በአጭር ቀን ቀጠሮ ነው። ለምሳሌ ያህል እንቁጠር፦ ሠላሳ ቤተሰብ እያንዳንዱ 2,000 ብር ዱቤ ቢይዝ 60,000 ብር ወረቀት ላይ ተኝቷል ማለት ነው። ታዲያ ሱቁ በምን ይንቀሳቀሳል? ደመወዝ ያለው ሰው በየወሩ መጀመሪያ በሚከፍለውና በእጁ በሚገዛው ጥሬ ገንዘብ! በዚያ ገንዘብ ነው አዲስ ዕቃ የሚገባው። በዚያ ገንዘብ ነው ለቀን ሠራተኛው፣ ባሏ ለሞተባት እናት፣ ልጁ ለታመመበት አባት ዱቤ የሚሰጠው።

እንግዲህ ልብ በሉ! እኛ ደመወዝተኞች ጥሬ ገንዘባችንን ይዘን ወደ ትልቁ መደብር ስንሄድ የሚጎዱት ሐጂ ብቻ አይደሉም። በሱቁ የሚቀረው ዱቤ ብቻ ይሆናል፤ ዱቤ ብቻ የቀረበት ሱቅ ደግሞ አይቆምም። ያን ጊዜ ያቺ እናት ወዴት ትሄዳለች? ትልቁ መደብር ስሟን አያውቅም። ሒሳብ ተቀባይዋ ልጅ ብታዝንላትም እንኳ በራሷ ሥልጣን «ነገ አምጪ» ልትላት አትችልም። ደግሞም እርሷ የምትፈልገው አንድ ሲኒ ዘይት፣ ግማሽ ሳሙና፣ የሁለት ቀን ስኳር ነው፤ ትልቁ መደብር የሚሸጠው በሙሉ ጥቅል ነው። የድሃው ዱቤ የተሸከመው በኛ ጥሬ ገንዘብ ትከሻ ላይ መሆኑን ያወቅሁት የልጄን ጥያቄ ከሰማሁ በኋላ ነው።

«ትልቁ መደብር ግን ጠንካራ ነው፤ በዱቤ አይሠራም» የሚል ሰው ይኖራል። ይህም ስሕተት ነው። በጎረቤታችን ኬንያ ናኩማት የሚባል የሱፐርማርኬት ድርጅት ነበር። ከናኩሩ ከተማ ተነስቶ በምሥራቅ አፍሪካ ከ60 በላይ ቅርንጫፎች ከፍቶ ነበር። ድርጅቱ ከአቅራቢዎች ዕቃ በዱቤ እየወሰደ ክፍያውን እያዘገየ ሄደ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ተንገዳገደ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. እንዲፈርስ ተወሰነ። ወተትና አትክልት ያቀረቡለት፣ ሸቀጥ ያስረከቡት ብዙዎች ገንዘባቸውን ሳያገኙ ቀሩ። ስለዚህ ዱቤ ትልቁም ጋ አለ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ትንሹ ሱቅ ለድሃው ያበድራል፤ ትልቁ መደብር ከአቅራቢው ይበደራል። ለነገ ስንዴያችንን፣ የሐረና ማራችንንና ቡናችንን፣ የጎባ ድንቻችንንና ነጭ ሽንኩርታችንን ለእንዲህ ዓይነት መደብር የምናቀርብ ከሆነም ይህን ከአሁኑ ማወቅ ይገባናል፤ ክፍያው በስንት ቀን እንደሆነ በጽሑፍ ሳይያዝ ዕቃ ማስረከብ ብልህነት አይደለም።

ሃይማኖታችን ስለ ዱቤ ዝም አላለም። በቅዱስ ቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ጸሎት ወይም ስለ ጾም ሳይሆን ዕዳን ስለ መጻፍ የሚናገረው የሱረቱል በቀራ 282ኛ አንቀጽ ነው። ከእርሱ ሁለት አንቀጽ ቀደም ብሎ ደግሞ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪያገኝ ድረስ እንዲታገሱት፣ ቢምሩት ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ተነግሯል። ነገር ግን ትዕግሥቱ ለተቸገረ ነው። መክፈል እየቻለ የሚያዘገይ ሰው በደል እየሠራ መሆኑን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። እኔ በዚያ ቀን የትኛው ነበርኩ? ኪሴ ውስጥ ደመወዜ ነበር!

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከትልቁ መደብር መግዛት ሐራም ነው እያልኩ አይደለም፤ ሐላል ንግድ ለሁሉም ክፍት ነው። ምክሬ ጥቂት ነው።

አንደኛ፣ ደመወዝ ሲወጣ ወደየትኛውም መደብር ከመግባታችሁ በፊት ደብተሩን ዝጉ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና መስመሩ ሲሰመር ያዩ። ከመቶ ምክር ይልቅ ያች መስመር ታስተምራቸዋለች።

ሁለተኛ፣ ጥሬ ገንዘባችሁን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ አታውሉ። ከወር አስቤዛችሁ ድርሻ ለሰፈራችሁ ሱቅ፣ ለጉልቷ እናት፣ በከተማችሁ ካለ ለሸማቾች ማኅበርና ለእሁድ ገበያም አስቀሩ።

ሦስተኛ፣ ዱቤው ሲጻፍ ሁለቱም ወገን ይየው። ሻጩም ቀኑ አለፈ ብሎ በተጻፈው ዕዳ ላይ አይጨምር፤ ያ ሪባ ነው።

አራተኛ፣ ባለሱቆች ሆይ፣ ከአዲሱ መደብር የሚበጀውን ለመውሰድ አትፈሩ። ዋጋችሁን ጻፉ፣ ሚዛናችሁን አስተካክሉ፣ ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ አውጡ። አራትና አምስት ሆናችሁ ከጅምላ ሻጭ በጋራ ብትገዙ ዋጋው ሊቀንስላችሁ ይችላል። ወጣት ልጆቻችሁም ሒሳቡን በሥርዓት ይያዙላችሁ፤ ትምህርት የተማሩት ለዚህም ነው።

ታሪኬን ልቋጭ። በማግሥቱ ከፈጅር ሶላት በኋላ ሐጂ ሱቁን ሲከፍቱ በሩ ላይ ጠበቅኋቸው። ያለኝን ከፈልኩ፤ ጥቂት ጎደለኝ፤ የቀረውን በሳምንቱ እንደማመጣ ነገርኳቸው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሐጂ። ትናንት አጥፍቻለሁ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ከፈቱና፣ «መምህር፣ አንተ የት እንደምትገዛ አልጠይቅህም፤ ገንዘቡ ያንተ ነው» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ አንድ ገጽ ገለጡ። ስሙን በእጃቸው ሸፍነው ዕዳውን ብቻ አሳዩኝ፤ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል፤ አንድም መስመር አልተሰመረበትም። «እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ቤት ነው። እናንተ ካልመጣችሁ ለእነሱ ከየት አመጣለሁ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም አንዳንድ ጊዜ ወደ ትልቁ መደብር እሄዳለሁ። ነገር ግን መንገዴ በሐጂ ሱቅ በር ነው፤ መጀመሪያ የማቆመውም እዚያ ነው።

አላህ አማናችንን የምንጠብቅ፣ ዕዳችንን በጊዜው የምንከፍል፣ ሚዛናችን የቀና ያድርገን። አሚን! በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።